መጡ፣ ያዙት፣ ገፉት

የምስጋኑ ሬሳ ከገደሉ ሥር ሲወጣ እህቱ አመተ ሥላሴ ከአፋፉ ላይ ጋቢውን ደርባ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ፊቷን አልነጨችም። የተሰበሰበው ሰው ይህን ባየ ጊዜ ፍርዱን ሰጥቶ ጨረሰ፤ እብድ ናት፣ ገፍታዋለች፣ አበቃ። ለመፍረድማ ሰውን ማን ብሎት!

ገደሉ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወዲህ፣ በሽተኞች ከሚጠመቁበት ትንሽ ጸበል አጠገብ ነው። ሃምሳ አለቃ ደባሱ የፖሊስ መኪናውን እያንደረደረ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ደጃፍ አቆመና ሲስተር እታገኘሁን አስጠራት።

«ሲስተር፣ ያቺ ያንቺ እብድ ወንድሟን ገደለች።»

«እብድ አትበላት። ስም አላት።»

«እሽ፣ አመተ ሥላሴ ገደለች። ዛሬውኑ ወልድያ አወርዳታለሁ። ሰንሰለቷን ያስፈታሽው አንቺ ነሽና ቃልሽን ስጪኝ።»

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ አሉ። መጀመሪያ ልያት» አለችና ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ መኪናው ላይ ወጣች።

እታገኘሁ የፍላቂት ገብስ አራሽ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሄዳ የአእምሮ ሕመም ነርስነት ተምራ ተመልሳለች። በገመድም በሰንሰለትም ታስሮ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የምትቀበለው እሷ ናት። ተቀብላም መጀመሪያ የምትጠይቀው በሽተኛውን ነው፤ አምጪውን በኋላ። «አምጪው የሚያወራው የራሱን በሽታ ነው» ትላለች። የላስታ ሰው «የእብድ ሐኪሟ» ይላታል፤ ከፊቷ ግን አይልም፣ ምላሷን ይፈራል።

ያን ቀን ግን ምላሷም ተሳስሯል። አመተ ሥላሴ ገዳይ ከተባለች እስር ቤት ገብታ አትወጣም፤ በጸበሉ ያሉት በሽተኞችም ሁሉ እንደገና ይታሰራሉ። ከዚህም በላይ የምስጋኑ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ ብሏታል። ትናንት እያነከሰ መጥቶ፣ «ሲስተር፣ በሽተኛ ድንገት ደስ የሚል ነገር ቢሰማ ይጎዳዋል?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «ገና ለማንም አልተነፈስኩም። ከግንባር በቀጥታ አይደለም የመጣሁት፤ በሰፈራ አገር ዞሬ ነው። ይህንንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አላት። «እንግዲያ አትቸኩል፤ መጀመሪያ ከቤተሰብ ጋር ተመካከር» ብላ ሸኘችው። ልጁም እሽ ብሎ ወጣ። መኪናው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ያንኑ የሚደግምላት እየመሰላት ዘወር ብላ አየች።

ከጸበሉ ሲደርሱ የተቀበሏቸው እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። በሽተኞቹን የሚያበሉት፣ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ፣ ልጄ። ስደርስ ብቻዋን ናት።»

«ሌላ ሰው አላዩም?»

«ጉሙ የት ያሳያል! ኧረ መንፈሱ ነው የገደለው። ታላቅ ታናሽ ማወቅ ከተወች ቆየች እኮ። እኔን ቆብ የደፋሁትን አንቺ ትለኛለች፣ አጥማቂውን ቄስ አንተ! የጨዋ ልጅ፣ የካህን ሚስት!»

«ሁሉንም ሰው?»

«ንጉሥም ቢመጣ አንተ ነው የምትለው።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ዘውገ ሽጉጡን በወገቡ አንጠልጥሎ ከወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። እታገኘሁን ሲያይ አንገቱን ነቀነቀ።

«ነግሬሽ ነበር። እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው።»

«ከምስጋኑ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ማን አለ?» ዘወር ብሎ ሰዉን ገላመጠ። «እሽ፣ ተጣልተናል። ለውትድርና መልምለህ ያስቆሰልከኝ አንተ ነህ ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ። ሰደበኝ ብዬ እገድለዋለሁ? ጠዋት ስብሰባ እየመራሁ ነበር። የተሰበሰበውን ሁሉ ጠይቂ።»

«በእርስዎ ስብሰባ ሁሉም ያንቀላፋል፤ ማን አይቶ ይመሰክራል?»

ሃምሳ አለቃ ደባሱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዘውገ ግን አልሳቀም።

የአመተ ሥላሴ ባል መሪጌታ ገብረመስቀል ከዛፉ ሥር ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ልጃቸው አለሜ ሞቶ እሳቸው ራሳቸው ፍትሐት ፈትተው እንደቀበሩት፣ እናቱም ከዚያ ወዲህ እንደታመመች አገሩ ያውቃል። እታገኘሁ እጅ ነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናዎ። ምስጋኑን ከተመለሰ ወዲህ አግኝተውት ነበር?»

«አላገኘሁትም፣ ልጄ። ታምሜ ከቤት አልወጣሁም። ከሰፈራ አገር ድረስ ተንከራቶ መጥቶ እዚህ ይሙት? አይ የሰው ነገር!»

«አመተ ሥላሴ አለሜ አልሞተም እያለች ነው ዛሬም?»

«ሬሳውን አላየሁም ትላለች። እናት ናት፣ ምን ይደረጋል?» አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እታገኘሁ ተነስታ አመተ ሥላሴን ወዳስገቡባት ጎጆ ሄደች።

አመተ ሥላሴ እጇን በገመድ ታስራ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ሃምሳ አለቃውና እማሆይ ተከትለው ገቡ፤ ዘውገም አንገቱን አስግጎ ከበሩ ቆመ። እታገኘሁ መሬቱ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«አመትዬ፣ እህል ቀመስሽ?»

«ወለተ ሐና ቂጣ አመጣችልኝ። አልበላሁም።»

«ጠዋት ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ከምስጋኑ። በረደኝ ስለው ጋቢውን አለበሰኝ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው አለኝ።»

«ምን ነገረሽ?»

«ሳይነግረኝ መጡ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መጡ። ያዙት። ገፉት።»

«እነማን?» ሃምሳ አለቃው ጣልቃ ገባ።

«አንተ፣ እጄን ፍታኝ» አለችው።

እማሆይ አማተቡ። «አጋንንቱ ናቸው! ብዙ ናቸው!»

«የምን አጋንንት? ሽፍቶች ናቸው ብላ ልታመልጥ ነው!» ዘውገ ከበሩ ጮኸ።

ይኼኔ መሪጌታ ጎንበስ ብለው ገቡ። ለሊቀመንበርም ለመነኩሴም ያልተነሳችው ሴት፣ በታሰረ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ራሷን ለመሸፈን ጋቢውን በጥርሷ ነክሳ ሳበችው።

«ይቀመጡ» አለቻቸው።

መሪጌታ አልተቀመጡም። እታገኘሁ የሴትዮዋን ፊት አየች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፣ የቆየ ልማድ ብቻ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ በሩን ያዝልኝ። ጓድ ዘውገም ይግቡ። የምለው አለኝ።»

ሁሉም ጎጆዋን ሞልተው ቆሙ። ውጭ አንድ በሽተኛ «ልቀቀኝ! ልቀቀኝ!» እያለ ይጮሃል፤ ማንም ዘወር አላለም።

«እዚህ ቤት ያለን ሁላችን የሰማነው አንድ ነገር ነው» አለች እታገኘሁ። «መጡ፣ ያዙት፣ ገፉት። እማሆይ አጋንንት መሰሏቸው፤ ሊቀመንበሩ ሽፍታ። እኔም ብዙ ሰው ነው ብዬ ነበር። ለምን? ይቺ ሴት ሰው ማክበር ትታለች ስለተባልኩ። እማሆይን አመጣችልኝ አለች፣ ሃምሳ አለቃን አንተ አለች። የምታከብረው ሰው ከሌላት መጡ ማለቷ ብዙ ሰው ማለቷ ነው። አይደለም?»

«ነው እንጂ» አለ ደባሱ።

«አይደለም። አሁን በዓይናችን አየን። እብደቱም ያላስጣላት አንድ አክብሮት አለ። የላስታ ሴት፣ ያውም የካህን ሚስት፣ ባሏን አንተ ትላለች? ተነስታ ይቀመጡ አለቻቸው። ጠዋትም መጡ ያለችው እሳቸውን ነው። የመጣው አንድ ሰው ነው።»

እማሆይ «በነአኩቶ ለአብ!» አሉና አፋቸውን ያዙ።

«ሲስተር፣ በአንድ ቃል መሪጌታን ልሰር?» ደባሱ ተጨነቀ።

«በአንድ ቃልማ አይታሰርም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጓድ ዘውገ፣ ምስጋኑ ከየት ነው የመጣው?»

«ከአስመራ ግንባር ነዋ! አገር ያውቃል።»

«እማሆይስ ምን ሰሙ?»

«ከጦርነቱ ነው የሰማሁት፣ ልጄ።»

«መሪጌታ ብቻ ከሰፈራ አገር አሉኝ። ይህን ምስጋኑ ትናንት ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሰም ነበር። እኔ ቤተሰብ አማክር አልኩት፤ ከእኔ ወጥቶ ያማከረው ማንን ነው? አላገኘሁትም ካሉ፣ መሪጌታ፣ ማን ነገረዎት?»

መሪጌታ ወደ በሩ አዩ፤ እታገኘሁ ግን ቀጠለች።

«ምስጋኑ የያዘው ወሬ ደስ የሚል ነበር። እህቱን ደስ የሚላት ነገር በዚህ ዓለም ስንት ነው? አንድ ነው። እሷ ስትጮህ የኖረችው፣ እኛ ስናስራት የኖርነው አንድ ነገር። ሃምሳ አለቃ፣ ዶማ ይምጣና የአለሜ መቃብር ይከፈት።»

«አይከፈት!» አሉ መሪጌታ። የሃምሳ አለቃውን ክንድ ያዙ። «አይከፈት። ባዶ ነው።»

አመተ ሥላሴ አልጮኸችም። ራሷን ብቻ ከግድግዳው አላቅቃ ማዳመጥ ጀመረች።

«እህል አልነበረም» አሉ መሪጌታ። «ልጁ በእጄ ላይ ሊያልቅ ነው። ጋሸና ላይ የሰፈራ መኪና ሰው ሲጭን አገኘሁ። እዚያ ይበላል አሉ። ለማላውቃት ሴት ሰጠሁት። ልጅሽን ለሰው ሰጠሁ ከምላት ሞተ ማለት ቀለለኝ። ከዚያ ለቅሶው መጣ፣ ፍትሐት ግድ ሆነ። ሕያው ልጅ ላይ ፍትሐት ፈታሁ! ይህን ያደረገ ካህን ምን ይባላል? ምስጋኑ ማታ መጥቶ አለሜን አገኘሁት፣ ቁርጥ እናቱን ነው አለኝ። ይህችን ነገር ሆድ ይፍጃት ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እምቢ አለ። ጠዋት ተከትዬው መጣሁ፤ ዝም በል ልለው ነው ክንዱን የያዝኩት።»

«ከዚያስ?» አለች እታገኘሁ።

«ገፋሁት።»

ደባሱ የአመተ ሥላሴን ገመድ ፈታና በዚያው የባሏን እጅ አሰረ። እሷ የተፈታ እጇን እያሻሸች ወደ ባሏ ተጠጋች፤ ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይናቸውን አየች።

«ምስጋኑ የት አየሁት አለ?»

መሪጌታ ፊታቸውን አዞሩ።

«የት አገር ነው ልጄ?»

«አልጠየቅኩትም» አሉ።

ሰፈራ አገር አንድ አገር አይደለም። መተከል አለ፣ ጋምቤላ አለ፣ ኢሉባቦር አለ፣ ወለጋ አለ። አለሜ ሲሄድ ስሙን አጥርቶ የማይጠራ ሕፃን ነበር፤ ዛሬ በማን ስም እንደሚጠራ ማን ያውቃል? የሚያውቀው ሰው በቃሬዛ ተኝቷል። አመተ ሥላሴ ያኔ ነው ለወንድሟ የጮኸችው። ጩኸቱ ከገደሉ ላይ እየተመለሰ መጣ፤ እማሆይ ደረታቸውን እየመቱ አብረዋት አለቀሱ። እታገኘሁም ሐኪም ነኝ አላለችም፣ አለቀሰች።

የምስጋኑ ቀብር ካለቀ በኋላ ደባሱ እስረኛውን ከኋላ ጭኖ ሞተሩን ሲያስነሳ አመተ ሥላሴ የመኪናውን በር ያዘች።

«እኔንም ጋሸና ድረስ ውሰደኝ።»

«ጋሸና ምን አለሽ?»

«የተጫነው ከዚያ ነው። ከዚያ እጀምራለሁ።»

«ኧረ እህቴ!» አለ ደባሱ። «በዚያ ዓመት የተጫነው ሰው አሸዋ ነው። የት ብለሽ ታገኚዋለሽ?»

«ሞቷል ስትሉኝም ስፈልገው ነበር» አለችው። «አሁንማ ይቀለኛል።»