የተኛ ሰው ጆሮ

የእንቅልፍ ምርምር ቤቱ ኃላፊ ደረጃው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ ሞተው ተገኙ። ይዘውት ይወርዱ የነበረው የብርጭቆ ጆግ እንክትክት ብሏል።

በዚያ ከሰዓት በኋላ ከሟቹ ሌላ ፎቁ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የሟቹ ምክትልና የሟቹ ታናሽ ወንድም ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ በየክፍላቸው ተኝተዋል፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ የአንጎላቸውን ሞገድ በስክሪን የምትከታተለው የማሽን ተቆጣጣሪዋ ነበረች። ሁለት የተኙ፣ አንዲት የነቃች! ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም።

ኢንስፔክተሯ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት ናቸው።

«አይዞሽ፣ ልጄ። መተኛታቸውን በምን አወቅሽ?»

«በሞገዱ። እንቅልፍ ሲጠልቅ ዝግ ይላል፣ ይተልቃል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሰዎቹን ነው ወይስ ስክሪኑን?»

«ስክሪኑን።»

«ሲነቁስ?»

«ቁጥር እጠራላቸዋለሁ፤ ከኋላ ወደ ፊት ይመልሱልኛል። አእምሮ የሰማውን ለአፍታ ይዞ ማገላበጥ መቻሉን የምንለካው በዚህ ነው። እዚህ እንዳየነው፣ ጥልቅ እንቅልፍ የተኛ ሰው ይበልጥ ይሳካለታል።»

«ዛሬስ?»

«ወንድምየው እንደ ውሃ አወረደው። ምክትሉ ግን... ሦስት ቁጥር እንኳ ተምታታባቸው። እንዲህ ሆነው አያውቁም።»

«ያኔ ሬሳው ተገኝቶ ነበር?»

«ኧረ ገና ነበር!»

ኢንስፔክተሯ ስክሪኑን ሲመረምሩ ቆይተው ሁሉንም አስጠሩ። ወንድምየው ገና ሲገባ ተቆጣጣሪዋ ላይ ጮኸባት።

«ወንድሜን የበላሽው አንቺ ነሽ! ሌላ ማን ነቅቶ ነበር?»

ተቆጣጣሪዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ቆይ፣ ልጄ፣» አሉት ኢንስፔክተሯ። «የተኛ ሰውም ጆሮ አለው። ጆጉ ሲሰበር አንተ አልነቃህም፤ ሞገድህ ግን ዘሏል። የምክትሉ ሞገድ ንቅንቅ አላለም። የትናንት እንቅልፋቸውን ከዛሬው ጋር አነባበርኩት፤ ልክክ አለ። ስክሪኑ ላይ ይታይ የነበረው የትናንቱ ቅጂ ነው።»

ወደ ምክትሉ ዞሩ። «ቁጥሩ ሲምታታብዎ ነው የጠረጠርኩት። እንቅልፍ የጠገበ ሰው፣ መርዶ ሳይሰማ ምን አስደነገጠው?»

ምክትሉ ወደ በሩ አየና አመነ። «የምርምሩን ውጤት መነካካቴን ኃላፊው ደረሱበት። አጋልጥሃለሁ አሉኝ። ዝም እንዲሉ ልለምናቸው ነበር...»

«ለልመና የሚሄድ ሰው የትናንት እንቅልፉን ስክሪን ላይ ትቶ አይወጣም፣» አሉ ኢንስፔክተሯ።

በካቴና ታስሮ ሲያልፍ ተቆጣጣሪዋ ድንገት ተነሳች።

«የብርጭቆውን ድምፅ ሰምቼ ብወጣ ኖሮስ?» አለችው። «ደረጃው ላይ ባገኝዎትስ?»

ምክትሉ አንገቱን ደፋ።

ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ወንድምየው በእፍረት ውሃ ቀድቶ ቢያቀርብላት፣ ብርጭቆውን ተቀብላ ሳትጠጣ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።