ከኋላ በግራ በኩል

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ ይለፈው፣ አልጣላውም። እኔ ግን የዋሸሁ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ጨለማ የለ፣ ጫካ የለ፣ መቃብር የለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ ነው፣ ሰውም ሞልቶታል...

መጀመሪያ ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት ማዕከል ሄዳ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ትተኛለች። አንድ ቀን ከቀረች ታብጣለች። ሁለት ቀን ከቀረች... እሱን አልናገረውም።

በግራ ክንዷ ላይ ሐኪሞቹ ደም ሥሮቿን አገናኝተው ለማሽኑ መርፌ መግቢያ ሠርተውላታል። ጣቴን ሳሳርፍበት ውስጡ ይርገበገባል፣ ንብ የገባበት ይመስል። በየጠዋቱ እነካዋለሁ። ከተርገበገበ ደህና ናት ማለት ነው።

"አለሁ?" ትለኛለች እየሳቀች።

"አለሽ እማዬ።"

ያ ክንድ ምንም ነገር እንዲጫነው አይፈቀድም። ስለዚህ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ በቀኝ በኩል ነው የምትቀመጠው፤ በዚያ በኩል ቀበቶው የሚያርፈው በቀኝ ትከሻዋ ላይ ነው። ራሷ ማሰር አትችልም፣ እኔ ነኝ የማስርላት። ጠቅ ሲል "ተባረኪ" ትላለች።

መኪናዋን የገዛሁት ለእሷ ብቻ ነው። ከእጥበት ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ ከዘራዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ስትዝል እያየሁ አልቻልኩም። ብዙም ሳላጣራ ገዛሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ...

የሸጠልኝን ሰውዬ "ሳቂታው" ነው የምለው። በገዛሁ ቀን ጥርሱ አልተከደነም። "እናታችን፣ እናታችን" እያለ ለእናቴ ወንበር አመጣላት፣ ውሃ ሰጣት። የሦስት ወር ዋስትና ጽፎ ፈረመልኝ።

ስንወጣ የግቢው ዘበኛ አስቆሙን። ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው የሚገባውንም የሚወጣውንም መኪና ታርጋ፣ ከነተሳፋሪው ብዛት፣ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ጎንበስ ብለው በመስኮት አዩንና ጻፉ።

ዓይኔ ደብተሩ ላይ አረፈ። "ሰው፦ 3" ይላል።

"አባባ፣ ሁለት ነን" አልኳቸው።

እንደገና ጎንበስ አሉ። የኋላውን ወንበር ከቀኝ ወደ ግራ አዩት። ግን አልሰረዙም።

"ሂጂ ልጄ" ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ሁለትን ከሦስት እለያለሁ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋ መጮህ ጀመረች።

ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ የኋላ ወንበር ትንሽ መብራት አለ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ አይበራም። ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ ቀይ ይበራና ይጮሃል። ሲያስር አረንጓዴ ሆኖ ዝም ይላል።

የእናቴ፣ የቀኙ፣ አረንጓዴ ነው። የግራው ግን... ቀይ።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ዞር ብዬ አየሁ። ቦርሳ እንኳ የለበትም።

ወርጄ ቀበቶውን በባዶው ወንበር ላይ አሰርኩት። ዝም አለ። በማግስቱ ጠዋት ስከፍት ተፈትቷል። መኪናዋ ተቆልፋ ነው ያደረችው፣ ቁልፉም ከትራሴ ሥር ነበር።

እንደገና አሰርኩት። በማግስቱ እንደገና ተፈትቷል።

አንድ ዓርብ በመስታወት ሳይ እናቴ በሩ ላይ ተለጥፋ ተቀምጣለች። ግራ ክንዷን በነጠላዋ ሸፍናዋለች።

"እማዬ፣ ምነው ተጣበቅሽ?"

"ጠበበኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑ ነው የሚጠብሽ? ብቻሽን እኮ ነሽ።"

"ዝም ብለሽ ንጂ... ክንዴን እያየችው ነው።"

"ማን?"

"ወደ ፊት እዪ ልጄ።"

ክው አልኩ። ግን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? መድኃኒቱ ነው አልኩ። ድካም ነው አልኩ። ሰው የማይፈልገውን ነገር ላለማየት የማያመጣው ምክንያት የለም።

ሳቂታው ዘንድ ተመላለስኩ። መጀመሪያ "ሰኞ ነይ" አለኝ። ሰኞ ስሄድ "መካኒኩ የለም" አለኝ። በሦስተኛው "ራስሽ ነካክተሽው ነው" አለ። ያ ሁሉ ሳቅ ወዴት እንደገባ እንጃ። "እርስዎ" ማለቱም ቀርቷል፣ እንደ ታናሽ እህቱ ያንጓጥጠኛል።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም።

እንግዲህ ያቺ ረቡዕ ዋስትናዬ ሊያልቅ አንድ ቀን የቀረው ዕለት ናት። እናቴን ከእጥበት እንዳወጣኋት በቀጥታ ወደ ግቢው ነዳሁ። ደክማ ነበር። ቤታችን ሩቅ ነው፣ አድርሻት ልመለስ ብል ይዘጉብኛል።

ዘበኛው በር ላይ "3" ብለው ጻፉ። አልተከራከርኩም፣ ጉልበቴን ለሳቂታው እቆጥብ ነበር።

"መኪናዋን ተይና ሂጂ" አለኝ ገና ሲያየኝ። "ሲያልቅ እንደውልልሻለን።"

"አልተዋትም። ነገ ዋስትናው ሲያልቅ አላውቅሽም ልትለኝ ነው።"

"ታዲያ አታስሠሪያ።"

"አስሠራለሁ። አሁን፣ እዚሁ።"

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ሁለት ገዢዎች የሚያዩትን መኪና ትተው ወደኛ ዞሩ። ያን ሲያይ ሳቂታው ፊቱ ጠቆረና መካኒኩን ጠራው።

መካኒኩ ዝምተኛ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ከመኪናዋ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። የግራውን የኋላ ወንበር አየ፣ ከዚያ እናቴን አየ።

"እናትዎን ያውርዷቸው" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አላወርድም። እሷ ከወረደች መኪናዋን ወደ ጓሮ ወስዳችሁ ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ ልትሉኝ ነው። እናቴ ከተቀመጠችበት ማንም አያንቀሳቅሳትም።"

"እህቴ፣ እቺን መኪና ሰው ውስጧ እያለ አልነካትም። ባዶዋን ስትሆን ነው የሚሠራው።"

"ለአንድ ቀበቶ?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላ ሰው እንዳይኖርባት ነው።"

"ሌላ ማለት?"



ሳቂታው ከኋላዬ "ሥራላትና ትገላግለን" አለ።

እናቴ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች። "ልጄ... ልውረድ እንጂ" አለችኝ በዚያች በደከመች ድምፅ። "እባክሽ።"

"ቁጭ በይ እማዬ። ከወረድሽ ተሸነፍን።"

"እሺ" አለች።

ያቺ "እሺ" እስከ ዛሬ ትፈጀኛለች።

ሳቂታው ለጥገናው ፈርሚ ብሎ ቢሮ አስገባኝ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በቢሮው መስኮት መኪናዋ ትታየኛለች። መካኒኩ በግራው በር ግማሽ አካሉን አስገብቶ ጎንብሷል። ፊቱን ግን ወደ ውጭ አዙሮታል፣ የሚሠራውን ላለማየት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

በቀኝ በኩል የእናቴ መዳፍ መስታወቱ ላይ ይታያል። ይነሳል፣ ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል።

ሰላም የምትለኝ መሰለኝ።

እኔም እጄን አውለበለብኩላት።

ፈርሜ ስወጣ መካኒኩ በሮቹን ዘግቶ እጁን እየጠረገ ነበር። "አልቋል" አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። ሳቂታው ሳቁ ተመልሷል፣ ሁሉም ጥርሱ ይታያል። ደሜ ገና እየፈላ ስለነበር ወደ ኋላ እንኳ ሳልዞር ገብቼ ሞተር አስነሳሁ።

ዘበኛው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ... ከዚያ ጻፉ። "3"።

"ኧረ አባባ፣ ተሠርቷል እኮ። ሁለት ነን።"

"ሦስት ገባችሁ፣ ሦስት ወጣችሁ" አሉ በሹክሹክታ። "ቁጥሩ አልጎደለም ልጄ... ቦታ ነው የተለዋወጡት።"

በሩን ከፈቱ። ነዳሁ።

ዋናው መንገድ እንደገባሁ ጀመረ።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ሰሌዳውን አየሁ። የግራው አረንጓዴ ነው። ቀዩ... የቀኙ ነው።

ቀና ብዬ በመስታወቱ አየሁ። እናቴ በግራ በኩል ተቀምጣለች። ቀጥ ብላ። ቀበቶዋን ራሷ አስራለች። በቀኙ ወንበር ላይ ከዘራዋ ብቻ አለ።

"እማዬ... መቼ ተሻገርሽ?"

"ደህና ነኝ። ንጂ" አለች።

ድምፅዋ ጠንካራ ነው። እናቴ ከእጥበት በወጣችበት ቀን ድምፅ የላትም።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ወርጄ በግራ በኩል ያለውን በር ከፈትኩ። ቀበቶው ክንዷ ላይ ጥብቅ ብሎ ተኝቷል፣ ደንታም አልሰጣት። እጅጌዋን ሰብስቤ ጣቴን አሳረፍኩ።

ምንም አይርገበገብም።

መርፌ የወጋው ጠባሳ የለም። ፋሻም የለም። ክንዱ የሕፃን ልጅ ይመስል ልስልስ ያለ ነው።

እሷ ፈገግ ብላ ታየኛለች። "አለሁ?" እስክትለኝ ጠበቅሁ። አላለችም። ማለት እንዳለባት አታውቅም።

በዚያኛው በኩል መኪናዋ መጮኋን አላቆመችም።

ዞሬ የቀኙን በር ከፈትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከዘራውን አነሳሁና ቀበቶውን ስቤ በባዶው ወንበር ላይ አሰርኩት። ጠቅ አለ። ጩኸቱ ቆመ። ቀበቶው ግን የወንበሩን መደገፊያ አልነካም። የቀጭን ሰው ደረት የሚያክል ቦታ ትቶ በአየር ላይ ተወጥሮ ቆመ።

መንገድ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አለቀስኩ።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈ።

ቤቴ ውስጥ አንዲት ጤነኛ ሴት አለች። ጨው ትበላለች። ደረጃ ትወጣለች። እጥበት ሄዳ አታውቅም፣ አላበጠችም። ጎረቤቶች "ተአምር ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?

ሳቂታው ዘንድ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። ዋስትናሽ አልቋል አለኝ።

እኔ ግን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሥራ አለብኝ ብዬ እወጣለሁ። ሞተር ሳስነሳ የቀኙ ቀይ ይበራል። አስርላታለሁ፣ አረንጓዴ ይሆናል። እጥበት ማዕከሉ በር ላይ አቁሜ ቀበቶውን እፈታለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ይጠፋል።

አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። አራት ሰዓት ሲሞላ ተመልሶ ይበራል። አስርላትና ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ቤት ስንደርስ በሩን ብከፍትላትም መብራቱ አይጠፋም። ከዚያች ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መግባት አትፈልግም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ይህን የምጽፈው ማዕከሉ በር ላይ ቆሜ ነው። በሩን ከከፈትኩላት ስድስት ሰዓት አልፏል።

መብራቱ አልበራም።

"አለሽ እማዬ?" እላለሁ። ደጋግሜ እላለሁ።

ስልኬ ይጠራል። ከቤት ነው። አላነሳሁትም።

የኋላውን በር ከፍቼ፣ የቀበቶውን ጫፍ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ...