እንግዳ ተቀባዩ በር

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ልለምናችሁ ብዬ አይደለም። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ምሳውን ይብላ። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

የሆነው ደግሞ በሌሊት አይደለም። ጉጉት በሚጮህበት ሰዓት አይደለም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው... ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር በሚደበቅበት ሰዓት።

ቦታው ከኬንያዋ ኪሊፊ ከተማ ወጣ ብላ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለችው መንደራችን ናት።

ዛሜ እባላለሁ። ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ስሜን መጻፍ እስክችል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገኝ ነገር አልታየኝም።

ልጅ አልወለድኩም። ያለችኝ የእህቴ ልጅ ሲዲ ብቻ ናት። እህቴ ስትሞት ልጅቷ ጡት እንኳ አልጣለችም ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። እሷን ካጣሁ ቤቴ ባዶ ነው።

አሁን ስለ እነዚያ ሰዎች ልንገራችሁ።

ከናይሮቢ የሚመጡት። መኪናቸው ላይ ፍራሽ ጭነው፣ የሣር ባርኔጣ ደፍተው የሚመጡት። በመጡ በሳምንታቸው "ባሕራችሁ እንዴት ያምራል!" ይሉናል። እዚሁ ተወልደን እዚሁ ስናረጅ፣ ባሕሩን እስከ ዛሬ ያላየነው ይመስል።

ሙምቢ ከእነሱ አንዷ ናት። ባሏ ጊቺሩ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ቀኑን ሙሉ ፎቅ ላይ ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ስልኳን ፊቷ ላይ ደቅና ለማላውቃቸው ሰዎች ታወራለች።

"ወገኖቼ! ናይሮቢ ጭስ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? ኑ ወደ ባሕሩ! የኑሮ ጥራት ማለት ይሄ ነው!"

የኑሮ ጥራት... ይቺን ቃል ከአፏ ስሰማ ጥርሴን ያመኛል።

ሰው አየሩ ተስማማኝ ብሎ ቢመጣ ምን ቸገረኝ። የቸገረኝ ቤቷ ነው። የቤቷን በር ወደ ባሕሩ አዞረችው።

በእኛ መንደር ቤት ለባሕሩ ጀርባውን ይሰጣል። በር ወደ መንገድ ነው፣ ወደ ሰው። ዓሣ አጥማጅ እንኳ ጀልባውን አስሮ ሲወጣ ቤቱ እዚያው ፊት ለፊቱ ቢሆንም ዞሮ በመንገዱ በኩል ነው የሚመጣው።

ከዚያ ውጭ ቆሞ "ሆዲ" ይላል። ውስጥ ያለው ሰው ድምፁን ይለያል። ማን እንደሆነ ካወቀ በኋላ ነው "ካሪቡ" የሚለው፤ ግባ ማለቱ ነው። "ካሪቡ" ሳይባል የሚገባ የለም።

ሰውም ቢሆን... ሌላም ቢሆን።

በባሕሩ በኩል መጥቶ "ሆዲ" የሚል ሰው የለም። ከዚያ ለመጣ ነገር "ካሪቡ" የሚል ሰውም የለም።

ቤቱ ገና ሲሠራ ዓሣ ይዤላት ሄጄ ለሙምቢ ነግሬያታለሁ።

"ማማ፣ አንቺ ደግሞ!" አለችኝ እየሳቀች። "ይህን ሁሉ ባሕር ትቼ የአቧራ መንገድ እያየሁ ልኑር?"

"መንገዱ ላይ ሰው አለ። ባሕሩ ላይ ማን አለ?"

"ለእሱ እኮ ነው የመጣሁት! ሰው በዛብኝ።"

ሰው የበዛበት ሰው። እሺ፣ ይሁንልሽ።

ይባስ ብላ በሩ ላይ አንዲት ዕቃ ሰቀለች። ትንሽ፣ ነጭ፣ ዓይን ያላት። በበሩ የሚያልፈውን ታያለች፣ ትናገራለች። ድምፁ የራሷ የሙምቢ ነው፤ ቀድታባት ነው። የሚገባውን በደስታ "ካሪቡ!" ትለዋለች። የሚወጣውን "ክዋሄሪ!" ብላ ትሰናበታለች።

"እኛ የባሕር ዳር ሰዎች እንግዳ ተቀባይ ነን!" አለች በስልኳ።

እኛ! ገና አንድ ክረምት እንኳ ያልዘነበባት ሴት።

ታዲያ ሲዲ እዚያ ቤት ካልተቀጠርኩ አለች።

"አትሄጂም" አልኳት።

"አክስቴ፣ ቁመቴ ከአንቺ በልጧል። እስከ መቼ ዓሣ ሳገላብጥ ልኑር?"

ግትር ናት። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም። ሄደች። እዚያው እያደረች ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ እኔ ጋ ትመጣለች።

በመጀመሪያው እሑድ መጥታ እሳቱ ዳር ቁጢጥ አለች።

"አክስቴ፣ ያቺ በሩ ላይ ያለችው ዕቃ ተበላሽታለች መሰለኝ።"

"ምን ሆነች?"

"ባሕሩ ሲሸሽ... አሸዋው ባዶውን ሲቀር... 'ካሪቡ' ትላለች። ሮጬ አያለሁ። ማንም የለም።"

"ሙምቢስ ምን አለች?"

"'ሸርጣን ነው' አለች።"

ከት ብዬ ሳቅሁ። "ሸርጣን በክብር የሚገባበት ቤት! የኑሮ ጥራት ማለት ይሄ ነው!"

ሲዲ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ግን አክስቴ... 'ክዋሄሪ' አትልም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የገባው... አልወጣም።"

እጄ ላይ የነበረው ዓሣ ዘይቱ ውስጥ ወደቀ።

"በቃ አትመለሺም" አልኳት።

"መንደርተኛው 'ሸርጣን ፈርታ ሥራ ለቀቀች' ይበለኝ?" አለችና ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

በሁለተኛው እሑድ ሹራብ ለብሳ መጣች። በዚያ ሙቀት! እኛ ላባችን ዓይናችን ውስጥ እየገባ፣ እሷ ሹራብ።

"ቤቱ ይበርዳል" አለች። "እመቤቷ ግን ደስ ብሏታል። 'ማቀዝቀዣ እንኳ አያስፈልገንም፣ የባሕሩ ነፋስ ይበቃናል' እያለች በስልኳ ታወራለች።"

"መስኮቱ ክፍት ነው?"

ሲዲ አሰብ አደረገች።

"ዝግ ነው" አለች።

በሦስተኛው እሑድ አልመጣችም።

በማግስቱ የዓሣ ቅርጫቴን ተሸክሜ ሄድኩ። ቅርጫቱ ሰበብ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ራቁቱን ነበር።

በመንገዱ በኩል፣ በኩሽናው በር ቆሜ "ሆዲ" አልኩ።

ሲዲ በሩን በጣት ስፋት ከፈተችው።

"አክስቴ... ለምን መጣሽ?"

"ትናንት ለምን ቀረሽ?"

"ቀስ በይ... ቀስ ብለሽ ተናገሪ።"

ገፋ አድርጌ ገባሁ። ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። የዓሣ በረዶ ሣጥን ስትከፍቱ እንደሚመታችሁ ዓይነት ብርድ።

ሳሎኑ ሰፊ ነው። ነጭ ነው። ባዶ ነው።

ሲዲ ከፊቴ ሄደች... በጎን። ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ትከሻዋን አስቀድማ። በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ወደ ኋላ ወንበር እንደሚያልፍ ሰው።

"ይቅርታ..." አለች በሹክሹክታ።

ለማንም።

ትንሽ ሄዳ ደግሞ "ይቅርታ... አሳልፉኝ..."



ሙምቢ ሶፋ ላይ ነበረች። አንድ ቤተሰብ በሙሉ የሚያስቀምጥ ረጅም ሶፋ ነው። እሷ ግን ጫፉ ላይ ናት፤ ግማሽ መቀመጫዋ አየር ላይ ተንጠልጥሎ። ብርድ ልብስ ተከናንባለች። የቀረው ሶፋ ላይ የደረቀ ጨው ክብ ክብ ሠርቷል... ሰው ሰው የሚያህል ክብ።

"ማማ! እንኳን መጣሽ!"

"ምነው ጫፍ ላይ ተንጠለጠልሽ?"

ራሷን አየች። ገና አሁን ያወቀችው ትመስላለች።

"እ... እዚህ ይመቸኛል።"

"ሶፋው ባዶ ነው እኮ!"

ዓይኗ ሶፋውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

"አየሩ ግን ደስ አይልም?" አለች፤ ከንፈሯ እንደ ሞተ ዓሣ ጠቁሮ። "ናይሮቢ ቢሆን ይህ የኑሮ ጥራት..."

ቀና አልኩ። ባሏ ደረጃው መሃል ላይ ቆሟል። ኮምፒውተሩን ታቅፎ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ። የሚወርድ ሰው እስኪያልፍ የሚጠብቅ ይመስላል።

ማንም አልወረደም።

እሱ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠ... ከዚያም ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ።

በዚህ ጊዜ ከባሕሩ በር፦

"ካሪቡ!"

ዞርኩ። ፀሐይ ብቻ። አሸዋ ብቻ።

ሙምቢ ግን ሶፋው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ቦታ ለቀቀች።

የሲዲን ክንድ ያዝኩ።

"ተነሺ። እንሂድ።"

"ልብሴን..."

"ልብስሽን ይልበሱት!"

ወደ ኩሽናው ስጎትታት እግሯን ተከለች።

"በዚያ አይሆንም" አለች በጆሮዬ። "ኩሽናው ሞልቷል።"

"አሁን እኮ ባዶ ነበር! በእሱ ነው የገባሁት።"

"አሁን ሞላ።"

የቀረው የባሕሩ በር ነው። ሙምቢን ዞሬ አየኋት። ንቄያታለሁ፣ አሁንም እንቃታለሁ፤ ግን ሰው ናት።

"አንቺም ተነሺ" አልኳት።

"የት ልሂድ ማማ? ቤቴ እኮ ነው።"

ሰው በዛብኝ ብላ ከናይሮቢ የሸሸች ሴት... በገዛ ቤቷ የምትቀመጥበት አጥታ "ቤቴ" ትላለች።

እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

"ክዋሄሪ!" አለች ዕቃዋ።

ሲዲ እጄን ይዛ ተከተለችኝ።

"ክዋሄሪ!"

አሸዋውን ረገጥን። ሙቀቱ እግሬን ሲያቃጥለኝ ደስ አለኝ። እፎይ ልል አፌን ስከፍት...

"ክዋሄሪ!"

ቆምኩ። ዞርኩ። በሩ ላይ ማንም የለም። በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ሙምቢ ትታየኛለች። ሶፋው ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ተቀምጣለች... አንድ ሰው ቦታ እንደለቀቀላት።

"አክስቴ... ሦስተኛው ለማን ነው?"

"ዝም ብለሽ ተራመጂ!"

ዞረን ዞረን በመንገዱ በኩል ቤቴ ደረስን። የእኔ ቤት ጭቃ ነው፣ ክዳኑ የኮኮናት ቅጠል ነው። አንድ በር ነው ያለው፣ እሱም ወደ መንገድ ነው። የሚናገር ዕቃ የለም። እኔ ገብቼ ቅርጫቴን አስቀመጥኩ።

ሲዲ ደጅ ቆማለች። በሥርዓት ያሳደግኳት ልጅ ናት።

"ሆዲ፣ አክስቴ" አለች፤ እንደ ልማዷ።

ልጄ በሰላም ተመለሰችልኝ።

"ካሪቡ ልጄ! ካሪቡ!" አልኩ።

ከመግባቷ በፊት ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች... ለታላቅ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ሰው። ከዚያ ገባች።

ድካም ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሲዲ በላች፣ ተኛች፣ ሹራቧን አወለቀች። እኔም ልቤ ሞላ። ለጎረቤት ሁሉ ፎከርኩ። "በእኔ ቤት 'ካሪቡ' የሚለው አንደበት የእኔ ብቻ ነው! እኔ ካላልኩ ማንም አይገባም። ያ የባሕር ጉድ ውጭ ቆሞ ይድረቅ!"

ዶሮዎቼ ብቻ ቤት መግባት ተዉ። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ደጅ ቆመው ይበሰብሳሉ። ዶሮ መቼም ሞኝ ነው ብዬ ተውኳቸው።

ትናንት...

ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ባሕሩ ሸሽቷል። እኔና ሲዲ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ኮኮናት እንፍቃለን።

ከግድግዳው ጀርባ፣ በባሕሩ በኩል፣ በር በሌለበት...

"ሆዲ..."

አፉ ውስጥ ውኃ እንደያዘ ሰው ድምፅ ነበር።

የሲዲን አፍ በእጄ ከደንኩ። የራሴን ከንፈር ነከስኩ።

"ሆዲ..."

ቁም አልኩ በሆዴ። እስኪመሽ ቁም። ከእኔ አፍ ቃል አይወጣም።



ከዚያም ከኋላዬ... ከገዛ ቤቴ ጨለማ ጥግ... የውኃ እንስራዬ ከሚቀመጥበት... ያ ከበሩ ዕቃ የሰማሁት የሙምቢ የደስታ ድምፅ፦

"ካሪቡ!"

ሲዲ ወደ እኔ አላየችም።

ቀስ ብላ እግሮቿን ሰበሰበች... ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀች።