ምጽዋ ላይ የወረደችው

ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። አክስቴ ገዲሴ ስትናገረው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ... አንድ ቃል ጨምራ አንድ ቃል ቀንሳ አታውቅም። ያላመነ ይተወው።

ዘመኑ 1976 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ሰኞ ነው። ቦታው ላፍቶ።

ሰዓቱ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ቀትር ነበር።

ገዲሴ ያኔ ንፋስ ስልክ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ባሏ ሁንዴሳ ሚሊሺያ ሆኖ ከዘመተ ዓመት አልፎታል። ቤት ውስጥ ያሉት አማቷ እማማ እማዋይሽና የሦስት ዓመት ልጇ ወርቄ ብቻ ናቸው።

በዚያ ዓመት ፋብሪካው ሃያ ኮከብ ሠራተኞች መረጠ። አንዷ ገዲሴ ነበረች። ሽልማቱ የባሕር ጉብኝት ነው። ከአሰብ በመርከብ ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወደ ዳህላክ ደሴት፣ እዚያ ሲያበቃ ወደ አሰብ ተመልሶ በአውቶቡስ ወደ ቤት።

ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት ደስ ሊላት ሲገባ አለቀሰች። ወርቄ ኩፍኝ ይዟት እንደ እሳት ትነድ ነበራ!

ግን በዚያ ዘመን “ሽልማቱ ይቅርብኝ” ማለት ቀላል አልነበረም። አብዮቱን ንቃ ነው ይባላል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ብላ ልጇን ለአማቷ ትታ ሄደች።

መርከቧ ላይ ወጋየሁ የሚባል ካድሬ ነበር። በየወደቡ ወርደው ሲሳፈሩ ከወረቀት ላይ ስም ይጠራል። የተጠራው “አቤት” ይላል። ካድሬው ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ ድምፅ ከሰማ ምልክት አድርጎ ያልፋል።

ምጽዋ ወደብ ላይ ገዲሴ ወታደር የሆነውን የአጎቷን ልጅ ሮበሌን አገኘችው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! በማግሥቱ ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ በሚነሳ የጦር አውሮፕላን ቦታ አገኝልሻለሁ አላት።

ገዲሴ ሁለቴ አላሰበችም። ፋብሪካ ውስጥ አጠገቧ የምትሰፋውን ጓደኛዋን ውዳሴን ወደ ጥግ ሳበቻት።

“ስሜ ሲጠራ አንቺ አቤት በይልኝ።”

“ብንያዝስ?”

“ልጄ ትሞትብኛለች፣ ውዳሴ።”

“...እሺ። ሂጂ። ቶሎ ሂጂ!”

ጥፋቷ ይቺው ናት። ስሟን መርከቧ ላይ ትታ ወረደች።

ዓርብ ጠዋት ላፍቶ ደረሰች። ወርቄን ትኩሳቱ ለቋት ስትጫወት ስታገኛት ተንበርክካ መሬት ሳመች።

ግን ከግቢ መውጣት አልቻለችም። በወረቀት ገና ባሕር ላይ ናት። ቀበሌ ካያት... ፋብሪካው ከሰማ... አለቀላት። እማማ እማዋይሽ ለጠየቃቸው ጎረቤት ሁሉ “ገና አልመጣችም” እያሉ ሦስት ቀን ደበቋት።

ሰኞ ዕለት፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ገዲሴ በቀዳዳው ብታይ ውዳሴ ናት። ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ ሻንጣዋን እንደያዘች ነበር።

በሩን ከፈተችላት። ውዳሴ ፈገግ ልትል ስትል ፊቷ ተለወጠ።

“ቀሚስሽ... መቼ ደረቀ?”

“የምን ቀሚስ?”

“በየት በኩል ቀደምሽኝ? አሁን ባሕር ዛፉ ጋ ከኋላዬ አልነበርሽ እንዴ?”

“ውዳሴ፣ እኔ ከዓርብ ጀምሮ ከዚህ ግቢ አልወጣሁም።”

ሻንጣው ከውዳሴ እጅ ወደቀ።

“ዓርብማ...” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ዓርብማ ከእኛ ጋር መርከቧ ላይ ነበርሽ።”

ገዲሴ ጎትታ አስገባቻትና በሩን በመወርወሪያው ዘጋችው።

“ምጽዋ ላይ እኔ አቤት አልኩልሽ። ዳህላክ ላይ ወጋየሁ ስምሽን እንደገና ጠራ። አቤት ልልልሽ አፌን ስከፍት... ከኋላዬ አቤት ተባለ። ያንቺ ድምፅ ነው! ዞር ስል ነጠላሽን ተከናንበሽ ወደ ባሕሩ ዞረሽ ተቀምጠሻል።”

“እኔ አይደለሁም።”

“ሐሳብሽን ቀይረሽ የተመለስሽ መሰለኝ። ባናግርሽ አትመልሺም። አኮረፍሽ ብዬ ተውኩሽ። እህል አልቀመስሽም። ቀሚስሽ ርሶ ነበር... አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ስንጓዝ አልደረቀም። ከሥርሽ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።”

“ምንም አላለችም?”

ውዳሴ ማልቀስ ጀመረች።

“ዛሬ ጠዋት ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። የልጄ ስም ማን ነበር... ጠፋብኝ፣ አልሽኝ። ባሕሩ አዙሮሻል ብዬ ሳቅሁብሽ።”

“ውዳሴ... ነገርሻት?”

“ነገርኳት።”

ገዲሴ ሮጣ ቤት ገብታ ወርቄን ከመደቡ ላይ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ውዳሴም ተከትላት ገባች።

እማማ እማዋይሽ ሁሉንም ሰምተዋል። አሮጊቷ አላለቀሱም፣ አልጮኹም። የቤቱን በር ገርበብ አድርገው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

“ስሙኝ” አሉ በሹክሹክታ። “በቀትር የሚጣራ ሁሉ ሰው አይደለም። ስማችሁ ቢጠራ... ማንም አቤት እንዳይል!”

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ከታች ከአውድማው በሬ ሲነዱ የነበሩት ሰዎች ድምፅ ተቋረጠ። የጎረቤቱ ውሻ አንዴ አላዘነና ዝም አለ።

ከዚያ... የእርምጃ ድምፅ።

ጭቅ... ጭቅ... ጭቅ...

በጠራራ ፀሐይ፣ ዝናብ ከጠፋ በከረመበት በኅዳር ወር፣ ውሃ የሞላው ጫማ ድምፅ ነው።

የግቢው በር ላይ ቆመ።

“እማማ! ክፈቱልኝ! ደረስኩ እኮ!”

የገዲሴ ድምፅ ነበር። ገዲሴ የራሷን ድምፅ ከውጭ ሰማችው። እማማ እማዋይሽ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

ገዲሴ ጎረቤት ልትጣራ አሰበች። ግን ሰው ቢመጣ ማንን ያምናል? ስሟ ተጠርቶ፣ አቤት ብላ፣ ከጓዶቿ ጋር በሰላም የተመለሰችው ገዲሴ ውጭ ያለችው ናት። ይቺኛዋ ገና አልመጣችም።

“ወርቄ!” አለ ድምፁ።

ልጅቷ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች። የእናቷ አፍ አልተንቀሳቀሰም። ግራ ገባትና አቤት ልትል ከንፈሯን ስትከፍት ገዲሴ አፏን በመዳፏ ከደነችው።

“ወርቄ!”

ገዲሴ እጇን አጠበቀች። የልጇ ልብ ድው ድው ሲል ደረቷ ላይ ይሰማታል።

ሦስተኛው ጥሪ ቀስ ያለ ነበር። ልጅ ሲያባብሉ እንደሚጠሩት።

“ወርቄዬ... ነይ።”

ማንም አልመለሰም። ማንም!

ጥቂት ቆይቶ እርምጃው መራቅ ጀመረ። ጭቅ... ጭቅ... እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። የጎረቤቱ ውሻ እንደገና ጮኸ። ከአውድማው የሰው ድምፅ ተሰማ።

“አለፈ” አሉ እማማ እማዋይሽ። “ተመስገን... አለፈ።”

ውዳሴ ደስታና ለቅሶ ተደባለቀባት። ገዲሴ ወርቄን አማቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሮጠች። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቀች። ሰው የለም። መወርወሪያውን አንስታ በሩን ከፈተችው።

አቧራው ላይ እርጥብ ዱካ ነበር። ከመንገዱ ወደ በሩ የመጣው የአንድ ሰው ነው።

ከበሩ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የጤፍ ማሳ የሄደው ግን የሁለት ሰው ነበር። አንዱ የትልቅ ሰው ጫማ... ሌላው በባዶ እግሩ የሄደ የትንሽ ልጅ።

ገዲሴ መለስ ብላ ቤቱን አየች። ወርቄ በተከፈተው በር ወለል ብላ ትታያለች። አያቷ ጭን ላይ እንደተቀመጠች ናት።

“ወርቄ!” አለቻት። “ወርቄ፣ ልጄ!”

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት። ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም።

“ወርቄ! እናትሽ ነኝ! አቤት በይኝ እንጂ!”

ከጤፉ ማሳ ማዶ፣ ከሩቅ፣ ቀጭን የልጅ ድምፅ መጣ።

“አቤት፣ እማዬ!”