በእሾሁ መሃል የተቆረጠው መንገድ

ያንን መንገድ ማን ቆረጠው? ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ እስካሁን መልስ የለኝም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጴንጤ ነኝ፣ ነገር ግን በጸሎት ቤት አንዱ ተነሥቶ «ታየኝ»፣ ሌላዋ ተነሥታ «ተሰማኝ» ሲሉ አንገቴን ደፍቼ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በየት በኩል፣ ሌላስ ማን ሰማ እያልኩ በልቤ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ኮሌጅ የገባሁት ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ ነው፣ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ እመኑኝ፣ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት እንቅልፍ አይወስደውም። የጸሎት እህቶቼ «ፕሮፌሰር» ይሉኛል፣ እያሾፉብኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሥራዬ ዴንቨር፣ ሎውሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት አዛውንት መንከባከብ ነው፣ እሳቸው ሲተኙ አነባለሁ። እንዲሁ ሳነብ ሳነብ ስለ ደን አያያዝ አንድ ክላስ ወሰድኩ፣ በዚያው ሰበብ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሮራ ዳር ባለ አንድ የሐይቅ ፓርክ ቮሉንቲር ማድረግ ጀመርኩ። ደን መጠበቅ ማለት መትከል ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ግማሹ ሥራ መቁረጥ ነው፤ የደረቀውን ማውጣት፣ እሳት ከሣሩ ወደ ዛፉ እንዳይወጣ የታችኛውን ቅርንጫፍ መመልመል፣ የተጨናነቀውን ማሳሳት። ብርቱካናማ ሪባን ያሰርንበት ይቆረጣል፣ ነጭ ያሰርንበት ይቀራል።

መጋዙን የሚይዙትም ትራኩን የሚነዱትም ጋሽ ሃብቶም ነበሩ፣ ኤርትራዊ ናቸው፣ ሰላሳ ዓመት ዴንቨር ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አማርኛውን አሥመራ ትምህርት ቤት የተማሩት ነውና ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው። እሳቸው ከሽርሽር ቦታው እስከ ውሃው የተዘረጋውን ጥቅጥቅ ያለ እሾህ ክረምቱ ሳያልቅ ቆርጠን እንጨርስ ብለው ነበር። የሩሲያ ወይራ ይሉታል፣ ከእኛ ወይራ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ እሾሁ የጣት ርዝመት አለው፣ ክንድ አያሳልፍም። እዚህ ጋ እሳት ቢነሣ ሰው ወደ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ የለም አሉ። እኔ ደግሞ መጽሐፍ አነበብኩ፣ ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ደርሷል፣ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ይቆይ ብዬ ተከራከርኩ፣ ነጩንም ሪባን በገዛ እጄ አሰርኩ። ጋሽ ሃብቶም «በይ እሺ፣ መጽሐፍሽ አሸነፈ» ብለው ሳቁ።

ይህንን ልብ በሉልኝ፣ ነጩን ሪባን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሴቶች ሆነን ለጸሎት ወደዚያው ፓርክ ሽርሽር ቦታ ሄድን። የእኛን ጸሎት የማያውቅ ካለ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፣ መሪዋ አሜን እስክትል ድረስ ዓይኑን የሚገልጥ የለም፣ ነውርም ነው። መሪያችን እህት ምሕረት ነበረች። ከሁላችን ትልቋ እማማ ዘውዴ ናቸው፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ በዎከር፣ በሚገፋ ባለ ጎማ መደገፊያ፣ ነው የሚሄዱት። ነፋሱ ከባድ ስለነበረ ከለላ ይሆነናል ብዬ ከእሾሁ ሥር ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፣ እሱንም ልጨምርላችሁ።

ጸሎቱ ሲጋጋል ከእሾሁ ውስጥ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። የሞተር አይደለም፣ የእጅ መጋዝ፣ ክርር… ክርር… እያለ፣ ሳይቸኩል። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጠለ። አንድ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ሰማሁ፣ ከዚያ ሌላ። እመኑኝ አልፈራሁም፣ ይልቅ ተናደድኩ፣ ማን ነው ነጭ ያሰርኩበትን የሚቆርጠው ብዬ። እናም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜን ሳይባል ዓይኔን ገለጥኩ።

ሰማዩ ቡናማ ሆኗል። ከአስፋልቱ በኩል የተነሣው እሳት ደረቁን ሣር እየበላ በእኛና በፓርኪንጉ መካከል ገብቷል፣ ስድስቱ እህቶቼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው በወዝ አብርቶ ይጸልያሉ። አንዷ ሙቀቱን ከመንፈስ ቅዱስ ቆጥራው እንደነበር ኋላ ነገረችን፣ ዛሬ እየሳቅን እናወራዋለን፣ ያን ዕለት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

እህት ምሕረትን ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት። አየች። ወዲያው እኔን አየች፣ ሁሉም እኔን አዩ፣ ፓርኩን የማውቀው እኔ ነኝና። እማማ ዘውዴ ዎከራቸውን አጥብቀው ይዘው «እናንተ ሩጡ ልጆቼ፣ እኔን ተዉኝ» አሉ፣ ሳይጮኹ፣ ውሃ አቀብዪኝ እንደማለት። ከፊታችን እሳት፣ ከኋላችን እኔ እንዳይቆረጥ ያደረግኩት እሾህ። ስድስት ሰው መግደሌ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ይህንኑ ነው ያሰብኩት፣ በዚሁ ቃል።

መጋዙ ግን አላቆመም ነበር። ወደ ድምፁ ዞርኩ፣ እሾሁ ተከፍቷል። የአንድ ሰው ትከሻ ስፋት ያለው መንገድ ነው፣ የተቆረጡት ቅርንጫፎች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ሰጋቱራው ከጫማዬ ሥር ይለሰልሳል፣ በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል የሚሸተኝ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ነበር። «በዚህ» አልኩ። እኔ ከፊት፣ እህት ምሕረት ከኋላ፣ እማማ ዘውዴን መሃል አድርገን፣ ሌሎቹ ተከትለውን ገባን። የአንዳችንም ነጠላ እሾህ አልያዘውም። ድምፁ ሁልጊዜ ከፊታችን ነው፣ አሥር እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ፣ ስንፈጥን ይፈጥናል፣ እማማ ዘውዴ ለመተንፈስ ሲቆሙ ይቆማል። ጭሱ ውስጥ ሰው ፈልጌ ነበር፣ ጀርባ እንኳ ባይ ብዬ። ምንም አላየሁም።

ውሃው ዳር ስንወጣ ድምፁ ቆመ። አሸዋው ላይ ማንም አልነበረም፣ የእግር ዱካም የለም። እስከ ጉልበታችን በረዶ የሚመስል ውሃ ውስጥ ገብተን ቆምን፣ ያ ሁሉ እሾህ በደቂቃዎች ውስጥ ሲነድ አየን፣ የእሳት አደጋ ሰዎች በጀልባ መጥተው አወጡን። ሰባት ገብተን ሰባት ወጣን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ቁርስ ስበላ እንኳ ስድስቱን ቆጥሬ አመሰግናለሁ።

በሦስተኛው ቀን አስፈቅደን ከጋሽ ሃብቶም ጋር ቦታውን ለማየት ሄድን። መንገዱ የለም። የጠቆሩት ግንዶች ጎን ለጎን እንደቆሙ ናቸው፣ የተቆረጠ ጉቶ ፈልጌ ዳሩን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አንድም አላገኘሁም። ከሁሉ የከፋው በውሃው በኩል ነው። የእማማ ዘውዴ ዎከር ጎማ ሁለት መስመር አሸዋው ላይ ቀርቷል፣ ወደ ኋላ ተከተልኩት፣ መስመሩ የሚጀምረው ከሁለት ግንዶች መካከል ነው። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ለካሁት። አንድ ስንዝር ነው። ደግሜ ለካሁት። ጋሽ ሃብቶም አጠገቤ ቆመው አዩ፣ ከዚያ ወደ ትራኩ ተመለሱ።

ያየሁትን ለማንም አልነገርኩም። ሬንጀሯ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ስትጠይቀኝ «መንገድ ነበር፣ በዚያ ወጣን» አልኩ፣ ውሸት አልመሰለኝም። በጸሎት ቤት «ትርሲት መንገዱን ታውቅ ነበር» ተብሎ ምስክርነት ተሰጠ፣ ተጨበጨበልኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። እብድ ነች እንዳልባል ፈራሁ፣ በሃምሳ ዓመቴ ያገኘሁትን ትንሽ ስም እንዳላጣ ፈራሁ።

በዚህ ዓመት የጸደይ ወቅት፣ እንደገና በአንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ሃብቶም ትራኩን ሐይቁ ዳር አቁመው፣ እዚያው ውስጥ እንደተቀመጥን፣ ከቢሮ የመጣውን የአዲሱን ዕቅድ ካርታ ዘረጉልኝ። እሾሁ ከሥሩ አቆጥቁጦ እንደገና ገጥሟል። ካርታው ላይ ግን በመሃሉ ነጠብጣብ መስመር ተስሏል፣ አደጋ ሲመጣ ጎብኚዎች የሚወጡበት ነባር መንገድ ተብሎ። ከየት አመጡት ብዬ ጠየቅኩ። ካንቺ ቃል ነው አሉኝ።

ልጆቿን ይዛ ወደዚያ መስመር የምትሮጥ አንዲት እናት ታየችኝ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መጋዙን፣ ሰጋቱራውን፣ የዎከሩን መስመር።

ጋሽ ሃብቶም ካርታውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ እንደ ባለሙያ ጠየቁኝ።

«የሞተር ነበር የእጅ?»

«የእጅ።»

«መንገድ እንዳልነበረ አውቃለሁ ትርሲት። ያንን እሾህ ስንት ዓመት ዞሬዋለሁ። እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«ከጠየቅኩሽማ መልሱን መስማቴ ነው፣ እሱን ፈራሁ» አሉ።

ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ፣ ነጠብጣቡ ላይ የኤክስ ምልክት አደረጉ፣ ጎኑ ላይ «የለም» ብለው ጻፉ። የሚመጣው ቅዳሜ በእውነት እንቆርጠዋለን፣ ዎከርም ዊልቸርም የሚያሳልፍ እናደርገዋለን አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ሁለት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሣ ተሰማኝ፣ አመሰገንኳቸው፣ እሳቸውም ምንም አይደል አሉ። ካርታውን አጠፉ። ቁልፉን ሊያዞሩ ሲሉ እጃቸውን መለሱ፣ እሾሁን በመስኮቱ ትንሽ ጊዜ አዩት፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ በፓርኩም ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም፣ ከዚያ የመኪናውን በሮች ከውስጥ ቆለፉ።