የፓምፕ ቤቱ ምስክር

«እሷን ይጠይቋት! እናቷ በዓይናቸው አይተዋል» አለ ራዲዮ፣ በጣቱ ወደ ልጅቷ እያመለከተ።

ልጅቷ ክው አለች። ራዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ስሙ የወጣለት አፉ ስለማይዘጋ ነው። አሁን ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? አንድ ንጉሥ እዚህ አሮጌ ፓምፕ ቤት ጎራ ብለው ውሃ ጠጥተዋል!

ከማዘጋጃ ቤት የተላከችው የቅርስ ባለሙያ ቀና አለች። ጠዋቱን ሙሉ ግድግዳውን ስትለካ፣ የዛገውን ሞተር ፎቶ ስታነሳ ነበር። ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ማን እንደሠራውም አይታወቅም» ብላቸው ነበር። ራዲዮ ንጉሡን ያመጣው ያኔ ነው።

«እናትሽ አይተዋል?» አለች ባለሙያዋ።

ራዲዮ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «በይ እንጂ! አንድ ቃል እኮ ነው» ሲል አንሾካሾከ።

እውነቱን ነው፤ አንድ ቃል ብትል ቤቱ ሊተርፍ ይችላል። እሷ ደግሞ ይህን ቤት እንደ ዘመድ ነው የምትወደው።

«አላየችም» አለች። «እዚህ ንጉሥ የሚባል ድርሽ ብሎ አያውቅም።»

«ጉድ ፈላ! ገደልሽን» አለ ራዲዮ ራሱን ይዞ።

«ግን እትዬ፣ እኔ ስወለድ የሰፈሩ ቧንቧ ሁሉ ደርቆ ነበር። ውሃ ያለው እዚህ ብቻ፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ። እማዬ አራስ ናት፣ ሰው የላትም። ማን ይቅዳላት? ሴቶቹ ‹መጀመሪያ የሚቀዳው የአራሷ ነው› አሉ። የራሳቸው ልጆች እየተጠሙ፣ ከእሷ ጀሪካን በፊት ማንም አልቀዳም። ቤት ድረስም ያደርሱላት ነበር፤ ከአልጋ እስክትነሳ ድረስ።» ልጅቷ የዛገውን ሞተር በእጇ ዳሰሰች። «እኔ የታጠብኩት በዚያ ውሃ ነው። በዚህ ባለፍኩ ቁጥር እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ለማን እንደምል ግን እንጃ።»

ባለሙያዋ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «ይመዘገባል ብዬ ቃል አልገባም፤ እንደነገርሽኝ ግን እጽፈዋለሁ። ሌላ የሚያስታውስ ሰው ይኖራል?»

«የእኔ እናት» አለ ራዲዮ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እሷም ተሰልፋ ነበር። ታላቅ ወንድሜን አዝላ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። ስንት ዓመት አብረው ሲማሩ ይህን ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃው አታውቅም።

«አሁን ቤት ናቸው?» አለችው።

«አዎ። ምነው?»

«ተነስ፣ እንሂድና እንጠይቃቸው» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።