የጆንያው ተቀናሽ

የመጀመሪያውን ውሃ ደፋሁና ድንቹን በሌላ ውሃ መልሼ ጣድኩት። ጨው የለውም። ቅቤ የለውም። ሽንኩርት ግን አለው፤ ሽንኩርት ማንም አልከለከለም።

«ኤጋ ተስፋነሽ፣ ይህን ሰው ልታገቢው ነው ወይስ ልትቀጪው?» አለች ባህሪያ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«የታዘዘለትን ነው የምሰጠው።»

«ወላሂ፣ እስር ቤት እንኳ ጨው አለ።»

ባህሪያና እኔ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ባለው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ጎን ለጎን እንሠራለን። የከሰል ምድጃው የሁላችንም ነው። ከየካቲት ወዲህ ግን በምሳ ሰዓት የኤርሲዶ ድንች ይዞታል፤ ሌሎቹ ሴቶች ቡናቸውን ለማፍላት ድንቹ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። በዚህም ምክንያት እሱን የሚወደው ሰው ቀንሷል።

ኤርሲዶ የቡና መጋዘን መዛኝ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ በራችን ላይ ሲቆም ክፍሉ ይጨልማል። መጀመሪያ የመጣው በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ኅዳር፣ ሱሪውን እንዳሰፋለት ነበር። አሰፋሁለት። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ። አሁንም አሰፋሁለት። ለገና ዋዜማ ሲመጣ በስፌቱ ውስጥ የቀረ ጨርቅ አልነበረም።

«ምንድነው የምትበላው?» አልኩት።

«ከድሮው ያነሰ።»

ቁመቱን ልለካ ሳጎነብስ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦይ ቆፍሮ አየሁ። የጫማው ክር አልታሰረም፤ ሊታሰርም አይችልም ነበር። ቀና ስል ከዓይኖቹ ሥር አብጧል። እያየኝ ነበር። እሱም አቀረቀረ፣ እኔም አቀረቀርኩ።

«ይህ የስፌት ሥራ አይደለም» አልኩት። «ሐኪም ቤት ሂድ።»

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

«የትኛው ሰኞ?»

ሳቀ። ሳቁን ወደድኩት፤ ያኔ ግን የተናደድኩ ነበር የመሰለኝ።

በመጨረሻ ሲሄድ ሁለቱም ኩላሊቶቹ እየደከሙ እንደሆነ ተነገረው። ታናሽ ወንድሙ ታመነ አንድ ኩላሊቱን ሊሰጠው ተስማማ። ቀዶ ጥገናው ግን የሚደረገው ውጭ አገር ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሕክምና ቦርዱ መፍቀድ አለበት። ዶክተር ለይኩን ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነገሩት። «በዘጠና አራት ኪሎ ማንም ቢላዋ አያነሳልህም። ቦርዱ በሰኔ ይሰበሰባል። እስከዚያ ከሰማንያ ሁለት በታች ውረድ። ካለፈህ መቼ እንደገና እንደሚሰበሰብ አላውቅም፤ ኩላሊትህ እስከዚያ ይቆይ እንደሆነም አላውቅም።» ከዚያ ወረቀት ጻፉለት። ጨው የለም፣ ሥጋ በጣም ትንሽ፣ ሽሮና ምስር በማንኪያ፣ ውሃ በልክ፣ ድንች ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ። ጾም አይሞከር፤ ሩጫ አይሞከር፤ በየቀኑ እግር ጉዞ።

ወረቀቱን በያዘ በሦስተኛው ቀን ሮጠ። የቀበሌው ወጣቶች በፉጨት የሚሮጡትን ሩጫ ተከትሎ አወቱ መንደራ ድረስ ሄደና ድልድዩ ጋ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት።

«ወረቀቱን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ። በአንድ ጊዜ ልጨርሰው ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። አብሬው ማለት፣ አሥር እርምጃ ቀድሜ። ያላገባች ሴት ከወንድ ጎን ስትሄድ ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ሙሉ በመስኮት ብቅ ይላል። ስለዚህ እኔ ከፊት ሆኜ ፍጥነቱን እለካለሁ፣ እሱ ከኋላ ይከተላል። የምንነጋገረውም እንደዚያው ነው።

«ተስፋነሽ፣ ፈጠንሽ።»

«አልፈጠንኩም። አንተ ቆመሃል።»

«ሰው ሰላም ብሎኝ ነው።»

«እየሄዱም ሰላም ይባላል።»

በሁለት ወር ውስጥ ፊቱን ሳላይ ስለ አባቱ የእንሰት ማሳ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በጭነት መኪና ጅማ ስለገባበት ቀን፣ ዝናብ ሲመጣ ስለሚፈራው ነገር ሁሉ አወቅሁ። አንድ ጠዋት «ስትቆጪ ትከሻሽ ከፍ ይላል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ትከሻዬን ሳስብ ዋልኩ፤ አንድ እጅጌም ገልብጬ ሰፋሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በመጋዘኑ ሚዛን ይመዘንና ቁጥሩን ያመጣልኛል። እኔ በልኬት ደብተሬ እጽፈዋለሁ። ከጎኑም፣ ሰፊ ነኝና፣ ቅዳሜና ሰኞ ቁርጭምጭሚቱን በሜትር ለክቼ አሰፍራለሁ።

በዚያ የሚያዝያ ቅዳሜ ድንቹ ሳይበስል ገባ።

«ሰማንያ አራት» አለ።

ባህሪያ አጨበጨበች። እኔ ደብተሩን አወጣሁ፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ሰኞ ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተር ለይኩን ሚዛኑን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አዩ።

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

«ሚዛናችሁ ተሳስቷል» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ለሐኪም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ኤርሲዶን ስመለከተው ጫማውን ያያል።

ከግቢው ወጥተን አንድ ዛፍ ሥር ቆምን።

«ኤርሲዶ።»

«እ።»

«የመጋዘኑ ሚዛን ቅዳሜ ስንት አለ? አንተ ያልከውን ሳይሆን ሚዛኑ ያለውን።»

«ሰማንያ ስምንት።»

«አራቱ የት ሄደ?»

«አንድ ለጆንያ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሦስት ለእርጥበት።»

እንዳልሰማ ሰው አየሁት።

«ቡና እንደመጣ አይጻፍም እኮ፤ ተቀናሽ አለው። ልብስና ጫማው ጆንያ ነው። ውሃ ይዞሃል ያሉት ደግሞ ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው። ውሃው የኔ ሥጋ አይደለም።»

«አንተ ቡና አይደለህም።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ስቀንስ ኖሬ እጄ ራሱ ነው የሚጽፈው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ደግሞም ቁጥሩ ሲቀንስ ፊትሽ ይበራል።»

ይህን ባይጨምር ይሻለኝ ነበር። «ፊቴን አይደለም ቦርዱ የሚመዝነው» አልኩት። «አምስተኛዋስ ኪሎ? በሁለት ቀን ከየት መጣች?»

«እሷን እውነቴን ነው፣ አላውቃትም።»

«ድንችህን ራስህ ቀቅል» ብዬው ሄድኩ። መንታ መንገዱ ላይ ዞር ስል አሥር እርምጃ ከኋላዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ገለጥኩ። የክብደቱ ዓምድ ሁሉ ውሸት ነበር። የቁርጭምጭሚቱን ግን የለካሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሃያ አምስት፣ ሰኞ ሃያ ሰባት። ቅዳሜ ሃያ አምስት ከግማሽ፣ ሰኞ ሃያ ሰባት ከግማሽ። ስምንት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይጎድላል፣ እሁድ ይሞላል።

እሁድ ደግሞ የሚውለው እኛ ቤት ነው።

መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸገው ወዲህ ጥቂት ሰዎች እናቴ ቤት ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን። ከጸሎት በኋላ እናቴ አጸደ ለኤርሲዶ ክትፎና ቆጮ ታቀርባለች፤ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሷ ሳህኑን ታነሳለች። ማታ ለእኔ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ምግቤን የሚጸየፍ ሰው ከቤቴ ምን ፈልጎ ነው?» በሽታውን አስረድቻታለሁ። ለእሷ በሽታ ማለት መክሳት ነው፤ ይህ ሰው ግን በሩን ይሞላል።

በሚቀጥለው እሁድ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ሰዎቹ ሄደዋል። ክትፎው መጣ፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ሳህኑ ተነሳ። ከዚያ እናቴ ቡና ቀዳችለት። ጠጣ። ደገመ። ሠለሰ። አራተኛውን ሲቀበል ሲኒውን ከእጁ ወስጄ ቀመስኩት። እኔ ቡና ያመኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልጠጣም።

ጨው ነው። ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ እናቴም እንደ አገሯ ልማድ በጨው ታፈላው ነበር።

«ጨው እንዳለው አላወቅህም?»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ።»

«ወረቀቱ ምግብ ነው የሚለው። ቡና ምግብ ነው?»

«ኤርሲዶ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ፤ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሥጋዋን እምቢ፣ ቆጮዋን እምቢ፣ ቅቤዋን እምቢ ብዬ፣ ቡናዋንም እምቢ ብዬ፣ ከዚያ ልጅሽን ስጪኝ ልላት ነው?»

እሱ የተናገረው ለራሱ ጆሮ የደረሰው ቆይቶ ነው፤ ጆሮው ቀላ። እኔ ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ጨው የጠጣኸው» አለች፣ «ልጄን ልትጠይቀኝ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«የሚገድልህን?»

«አዎ።»

እናቴ የጨውዋን ቆርቆሮ አንስታ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ እኔ ያለ ወንበር የማልደርስበት ቦታ ሰቀለችው። «ሁለታችሁም ሞኞች ናችሁ» አለች። በሚቀጥለው እሁድ ሁለት ጊዜ የተቀቀለ ድንች ራሷ አቀረበችለት። «ይህንን ነው እንግዲህ ለሙሽራ የማቀርበው» እያለች እስኪጨርስ አጠገቡ ቆመች።

ቁርጭምጭሚቱ በግንቦት ወር ወደ ሃያ ሦስት ሴንቲሜትር ወረደ። ሰኔ ሁለት ቀን የሐኪም ቤቱ ሚዛን ሰማንያ አንድ ከግማሽ አለ።

«ከነጆንያው» አለ ኤርሲዶ። ዶክተር ለይኩን ነገሩ አልገባቸውም።

ቦርዱ ፈቀደ። ከታመነ ጋር የሚሄዱት ሐሙስ ነው። ሽማግሌዎቹም እሁድ መጥተው ስለሄዱ፣ ዛሬ ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ሄድን። ፊቱን ማየት ስለምችል የምናገረው ጠፋኝ።

«ከተመለስኩ» ብሎ ጀመረ።

«ስትመለስ» አልኩት።

ትከሻዬን አየና «ስመለስ» አለ።

አሁን ሱሪው እጄ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ያሰፋሁትን ስፌት ፈትቼ አጠበብኩት።

«ትርፉን ቁረጪው እንጂ» አለች ባህሪያ፣ «ወገቡን ይጎረብጠዋል።»

«ይቆይ።»

«ለምን?»

«ድኖ ሲመጣ ይወፍራል።»

ባህሪያ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ትርፉን ጨርቅ ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ አጥፌ በሰፊ ስፌት ያዝ አደረግሁት፤ ለመፍታት እንዲቀል። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ተኮስኩት፣ አጠፍኩት፣ ተሰፍተው ካለቁት ልብሶች ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።